ስለ ሚስ ቨርዴል በረንዳና ስለ ጠዋቱ መልካም ብርሃን

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ክሌይተን ፍሪዝ
የ«ደቡብን በካሜራ» የጎብኚዎች መመሪያ ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከነቤተሰብዎ በፍጹም ጤንነት፣ በተለይም ማንም አላፊ አግዳሚ ፎቶ በማያነሳችሁ በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ ያገኛችሁ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በዚህች በሜምፊስ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሳድል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ፖስተኛ ነኝ፤ ለባለሥልጣን የራሴን ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ስለሆነ ስሕተት ቢገኝበት ይቅርታዎ አይለየኝ።

አስቀድሜ ላመስግን። በመመሪያዎ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ፣ ከወንዙ ድልድይና ከሙዚቃ ቤቶቹ ቀጥሎ፣ የጎረቤቴን የሚስ ቨርዴል ፔቲግሩን በረንዳ በማስገባትዎ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው ሆነው የኖሩትን ሴት በአንድ ጀምበር ሐውልት አድርገውልናል። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብርሃኑ መልካም ነው። አሮጊቷ ለማንም እጃቸውን ያነሳሉ፤ ካላነሱ ጥሩንባ ይንፉ» የሚለውን ምክርዎንም ጎብኚዎችዎ በሚያስደንቅ ታዛዥነት እየፈጸሙ ነው። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ እጃቸው። በእኛ መንገድ ብቻውን የሚኖር አዛውንት ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥቶ እጁን ካነሳ ዛሬም ደህና ነኝ ማለቱ ነው፤ እኛም መልሰን እናነሳለን። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ሄደን በሩን እናንኳኳለን። እርስዎን የመሰለ ሰው ይህን ተራ ነገር ማወቅ ነበረበት ብዬ አልጨቀጭቅም።

ሁለተኛ፣ አንድ ጎብኚዎ ከመኪናው ሳይወርድ «እማማ፣ አንዴ ይድገሙልኝ፤ ዓይንዎን ጨፍነውብኛል» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ሰላም ነው ያልኩህ፤ የሰላምታ መልሱ ደግሞ ሰላምታ ነው» አሉት። ሳቀና ይህንንም ቀረጸው።

ሦስተኛ፣ በሐምሌ አጋማሽ ሚስ ቨርዴል «ሩፈስ፣ በገዛ ቤቴ የሱቅ መስኮት አሻንጉሊት ሆኜልህ ቀረሁ» ብለውኝ ቡናቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። ወንበራቸው እደጅ ቀረ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እየሄድኩ አንኳኳሁ፤ በኋላ ግን ባዶው ወንበር ለመደብኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ለመደብኝ።

አራተኛ፣ ባለፈው ሐሙስ ሚስ ቨርዴል ውስጡን አሳልፎ ከሚያሳየው የሽቦ ወንፊት በራቸው ጀርባ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ወለሉ ላይ ሆነው ተጣርተዋል። በሁለት ሰዓት አንድ አውቶቡስ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ፣ በመመሪያዎ መሠረት ጥሩንባውን ነፍቶ፣ ተሳፋሪዎቹ ወንበሩን ፎቶ አንስተው ሄደዋል። እኔ ያገኘኋቸው ከጓሮዬ ቲማቲም ላደርስላቸው ስሄድ ነው። «ሩፈስ፣ ዘገየህ እኮ» ብቻ ነው ያሉኝ።

አሁን ሆስፒታል ናቸው። ሐኪሙ ወደ ቤታቸው መመለስ የሚችሉት በየጠዋቱ የሚያያቸው ሰው ካለ ብቻ ነው ብሏል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አርፎ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ይህችን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ አምስት ጊዜ ተነስቼ ያንን ወንበር በመስኮት አይቻለሁ። ስለዚህ ጊዜዎን ሳልሻማ በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ተራ ቁጥር ሰባትን ይሰርዙልን። ሴትዮዋ በረንዳቸው ላይ ይውጡ፣ እኛም እንያቸው።

ለመልካም ብርሃን ያለዎትን ፍቅር ዘወትር የማደንቅ፣ ደብዳቤ ሁሉ ከትክክለኛው በር መድረስ አለበት ብዬ የማምን፣

ታዛዥዎ
ሩፈስ ኪንብሮ፣ ከሚስ ቨርዴል ፊት ለፊት ካለው ቤት

ማስታወሻ፦ የሐሙሱን የባዶ ወንበር ፎቶ የወሩ ምርጥ ብለው ማውጣትዎን፣ ከሥሩም «የዚያን ዕለት ታዋቂዋ እጅ አለመታየቷ ያሳዝናል» ብለው መጻፍዎን አይቻለሁ። እባክዎ ፎቶውን አጉልተው ከወንበሩ ኋላ፣ ከወንፊት በሩ ግርጌ ይመልከቱ። እጃቸውን አንስተዋል።