ለበረዶው ስለተፈቀደው ሊፍት

ለክቡር የሕዝብ ገንዘብ ድልድል ኃላፊ፤
ሜልበርን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የጉልበትዎን ጤና፣ ከልብ እመኛለሁ፤ ጉልበት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከጎረቤቴ ከእትዬ በለጥሻቸው ተምሬአለሁና። በተራራው ላይ ያለው የበረዶ መንሸራተቻ እንዲሰፋ፣ ተንሸራታቾችን በገመድ ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ወደ አናቱ የሚያወጡ አዳዲስ የወንበር ሊፍቶችም እንዲተከሉለት፣ ለእቅዱ ጥናት የሕዝብ ገንዘብ መፍቀድዎን ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። ደስታችን ያልቆየው በአንድ ቃል ምክንያት እንጂ በእርስዎ ጥፋት አይደለም።

እትዬ በለጥሻቸው አስኮት ቬል ውስጥ፣ ሊፍት በሌለው የመንግሥት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት ይኖራሉ። አምና ባለቤታቸው ጋሼ ወንድማገኘሁ ሲያርፉ፣ ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ስላለ፣ የሰፈራችን ልጆች ይድነቃቸውና አዲሱ በምግብ ጠረጴዛ ወንበር ተሸክመው ለቀብሩ አወረዷቸው። መታጠፊያው ላይ ወንበሩ ሲያዘነብል ነጠላቸው ከራሳቸው ወደቀ፤ ለባላቸው ሊያለቅሱ የወጡት ሴት በፍርሃት ለራሳቸው ጮኹ። ከዚያ ወዲህ «ሰው ተሸክሞ የሚያወርደኝ አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቷል፤ ያን ቀን ደግሞ አላፍርም» ብለው ከቤት ወጥተው አያውቁም።

በአማርኛው ሬዲዮ «መንግሥት ለወንበር ሊፍት ጥናት በጀት ፈቀደ» የሚለውን ዜና የሰሙ ዕለት ግን፣ ወንበሩንም ስለሚያውቁት፣ ሊፍቱንም ስለሚመኙት፣ ስለ እርሳቸው የተነገረ መሰላቸው። «አየሽ ኑሀሚንዬ፣ የወንበሩን ነገር ሰምተዋል!» አሉኝ። ነጠላቸውን አጥበው፣ ለጋሼ ሙት ዓመት ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን እንደሚገኙ ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ ደወሉ። ሊፍቱ ለበረዶ መሆኑን የማስረዳቱ ዕጣ የደረሰው ለእኔ ነው።

ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ቅሬታ ማለቴ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. እኛ ሊፍት ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ፣ ጥናት ሳይደረግ ሊፍት እንደማይተከል፣ ለጥናቱም በጀት እንደሌለ የሚገልጽ ነበር። ተራራው ግን ሳያመለክት፣ ወረፋም ሳይጠብቅ ጥናቱ ተፈቅዶለታል። ላለው ይጨመርለታል የሚለውን ቃል በሥራ ስለተረጎሙልን እናመሰግናለን።

፪. በረዶው ራሱ ከዓመት ዓመት እየሳሳ መሆኑን አነባለሁ። ሊሄድ ለተነሣ በረዶ መወጣጫ የሚያስብ መንግሥት፣ መሄድ ላቃተው ሰው መውረጃ ማሰብ ለምን እንደከበደው ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም።

፫. እትዬ በለጥሻቸው እውነቱን ሲሰሙ አልተቆጡም። ነጠላውን አጥፈው ወደ ቁም ሳጥኑ መለሱትና፣ «ለወጣቶቹ ደግ ነው፤ ብቻ ወንበሩ መያዣ አለው?» ብለው ጠየቁኝ። አለው ብያቸዋለሁ። ይህኛው ቅሬታ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም።

ሙት ዓመቱ የፊታችን እሑድ ነው። ፍትሐቱን ከመኝታ ቤታቸው ሆነው እንዲሰሙ፣ እኔ ስልኬን ክፍት አድርጌ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እቆማለሁ። ካህኑ የጋሼን ስም ሲጠሩ እትዬ በስልክ ውስጥ ቢያለቅሱ፣ የሚሰማቸው እኔ ብቻ እሆናለሁ።

እግዚአብሔር ለበረዶው ዕድሜን እንዲሰጥ፣ ለእርስዎም ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚመለከተውን ዓይንዎን እንዲጠብቅልዎ እየለመንኩ፣ ከተራራው በታች ከአሳንሰር አልባው ፎቅ በላይ ሆኜ እጅ የምነሣዎ፣

ኑሀሚን ጌታቸው
አስኮት ቬል

ድኅረ ጽሑፍ፦ እትዬ በለጥሻቸውን ሊያጽናኑ ብቅ ቢሉ ቤቱ የእርስዎ ነው። ሲወርዱ ጉልበትዎ ቢያስቸግርዎት አይስጉ፤ ወንበሩ እስካሁን ከደረጃው አፋፍ አልተነሣም፤ ይድነቃቸውና አዲሱም አሉ። መያዣ ግን የለውም።