ከወንዙ ማዶ ሌላ ሰው እንዲመደብ

ቀን፦ ጥቅምት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወረዳችን ጤና ጽ/ቤት ኃላፊ

አመልካች፦ ዘመናይ ገዳሙ፣ የዝግባ ማርያም ቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

ጉዳዩ፦ በእግሬ ጉዳት ምክንያት ልደርስባቸው ለማልችል መንደሮች ሌላ ባለሙያ እንዲመደብ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ባለፈው የካቲት ከወንዙ ማዶ ሕፃናት ከትቤ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ከድቶኝ ወደቅሁ። ጉልበቴ ተሰባበረ። የአገሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት አደረሰኝ፤ ደብረ ማርቆስም ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ሐኪሞቹን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እግሬ አልተቆረጠም።

2. ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚታሰር የብረት ድጋፍ ተሰጥቶኝ ሐምሌ ላይ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ አቶ ፈንታ ማሰሪያውን ያጠብቅልኛል። ሲጠብቅ ቆዳዬን ይልጠዋል፣ ሲላላ ደግሞ ጉልበቴ ይከዳኛል። መንበርከክም ሆነ ቁጢጥ ማለት አልችልም። ምጥ የያዛት ሴት መሬት ላይ ናት፤ ቆሞ የሚረዳት ማን ነው? ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ።

ብረቱን እስክድን ብቻ የማስረው መስሎኝ ነበር። መስከረም ላይ ለክትትል ስሄድ ግን ሐኪሙ ራጁን አይቶ «እህቴ፣ ጉልበትሽ ከዚህ በላይ አይታጠፍም። ብረቱን ልመጂው» አለኝ። «እስከ መቼ?» ብዬ ብጠይቀው ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን አስተካከለልኝ።

3. ለዚህ አቤቱታ ያበቃኝ ከዚያ በፊት ነሐሴ ላይ የሆነው ነው። የሺዋስ የተባለ የማዶ አርሶ አደር በቅሎ እየጎተተ መጣና «ሲስተር፣ ሥራነሽ ምጥ ይዟታል፣ ድረሽልን!» አለኝ። ሥራነሽ ሚስቱ ናት። መንገዱ በዝናብ ስለተቆረጠ አምቡላንስ አይገባም። በቅሎዋ ላይ አወጡኝ፤ የማይታጠፍ እግር ይዤ ኮርቻው ላይ መርጋት አልቻልኩም። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ብረቱ ጭቃው ውስጥ እየተቀረቀረ ፈንታና የሺዋስ ግራና ቀኝ ይዘው ይነቅሉኝ ነበር።

ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ጤነኛ ሰው በዱላ እየተመረኮዘ ይሻገረዋል። እኔ ውኃው ውስጥ ስገባ ገና ከዳር ተገለበጥኩ፤ ጎትተው አወጡኝ። የሺዋስ «ተይው እህቴ፣ አንቺም ትሞቻለሽ» ብሎ ብቻውን ተሻገረ። ማድረግ ያለባቸውን ከወዲህ ዳር ሆኜ እየጮህኩ ነገርኩት፤ የውኃው ድምፅ ምን ያህሉን እንዳሰማው አላውቅም። ሥራነሽ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር አሉኝ።

ማንም አልወቀሰኝም። እንዲያውም የሺዋስ ከቀብሩ በኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ብትችዪማ ኖሮ ትመጪ ነበር» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

4. ይህንኑ ለጽሕፈት ቤቱ በቃል ባመለክት «የሰው እጥረት አለብን፣ ቀስ እያልሽ ሂጂ» ተብያለሁ። ክቡር ሆይ፣ ቀስ እያልኩ ሄጄ የደረስኩት ወንዙ ዳር ድረስ ነው። በበጋ ውኃው ቢጎድልም የማዶውን ቁልቁለት በዚህ እግር አልችለውም፤ ክረምት ሲመጣም ከዚያ አላልፍም።

5. ስለዚህ ከወንዙ ማዶ ላሉት መንደሮች እግሩ የሚታዘዝለት ባለሙያ እንዲመደብ በትሕትና አመለክታለሁ። እንደማይሆን ልቤ ያውቀዋል። ካልሆነ ግን ከእንግዲህ እንደማልመጣ በጽሕፈት ቤቱ ስም ለሕዝቡ ይነገርልኝ። እኔ ስነግራቸው «ትድኚያለሽ፣ አይዞሽ» እያሉ አያምኑኝም። ቁርጡን ቢያውቁ ወራቸው የገባ ሴቶችን ቀድመው አስፋልት ዳር ካለ ዘመድ ያስጠጓቸዋል።

አሁንም ማዶ የብርጓል የምትባል ልጅ ኅዳር ላይ ትወልዳለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። እናቷን ገበያ ላይ ሳገኛቸው «ሉማሜ ከተማ አክስቷ ቤት እንውሰድሽ ብንላት፣ ዘመናይ እያለችልኝ የት እሄዳለሁ ብላ አሻፈረኝ አለች» አሉኝ። እንደማልደርስ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም እንደ ሌላው ሰው አጽናኑኝ።

ሰው ባይኖርዎት እንኳ፣ እባክዎ፣ እንደማልመጣላት እርስዎ ያስነግሩልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ዘመናይ ገዳሙ
(ፊርማ)