ለጤና ጣቢያችን ኃላፊ፦ ስለ በሩና ስለ ወንድሜ ፎቶ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ለሚገኙ ባልደረቦች በሙሉ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ የወግ አይደለም፤ የፊታችን ቅዳሜ በዓል ስለሆነ ከዓርብ ማታ እስከ ማክሰኞ ጠዋት መታመም ለማንም አይመከርም።

እኔ ባለፈው ዓመት የድንገተኛ ክፍልዎን የብረት በር ሠርቶ የገጠመው በያጅ ታናሽ ወንድም ነኝ። እሱ ሲበይድ ብረቱን እይዝለት ነበር። ሥራውን በጨረስንበት ቀን ፎቶ አንሺያችሁ መጥቶ ወንድሜን የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ፣ ሲስቅ አነሳው። ፎቶው ለዓመት በዓሉ ትልቅ ፖስተር ሆኖ በአጥራችሁና በየመንገዱ ተለጠፈ። ከሥሩም «በዓልን በጤና ያሳልፉ። ሕመም ከተሰማዎ ሳይዘገዩ ወደ እኛ ይምጡ» ተብሎ ተጻፈበት።

ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ምክራችሁ። ወንድሜ ምክር የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ይህን ግን ሰማ። በዚያው በዓል ዕለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው፣ እንደ ልማዱ «ይለቀኛል» አላለም። ሸሚዙን ቀይሮ እስከ ታክሲው በእግሩ ሄደ። ሳይዘገይ መጣ።

፪. ስለ በሩ። ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ተረኛዋ ነርስ ዘንድ እንደሆነ፣ ተረኛዋም በዓሉን ሊያሳልፉ ከከተማ እንደወጡ በኋላ ተረዳን። ያኔ ግን በስልክ «ደርሻለሁ» ብለውን ነበር፤ ሃያ ደቂቃ አመንናቸው። በመጨረሻ ከባለታክሲው የጎማ መፍቻ ተቀብዬ ማጠፊያውን መምታት ጀመርኩ። ወንድሜ መሬት ላይ እንደተቀመጠ «ተው አትልፋ፣ የማን ሥራ መሰለህ» አለኝ። እውነቱን ነበር። ያንን ማጠፊያ አንድ ዙር በይደነው እኔ «ይበቃል» ስል፣ ሁለተኛ ዙር ያስደገመኝ እሱ ነው። ዛሬም ብረት በያዝኩ ቁጥር «ይበቃል» ያልኩበትን ሰዓት አስባለሁ፤ ይህ ግን የእኔ ጉዳይ ስለሆነ ቢሮዎን አይመለከትም።

፫. ስለ ዘበኛው ትሕትና። በሩ ከውስጥ የተቆለፈባቸው ሽማግሌ፣ ወንድሜ ራሱ በሩ ላይ በቆረጣት መመልከቻ ቀዳዳ ውሃ አቀበሉን። ወንድሜ የተቀመጠው ከገዛ ፖስተሩ ሥር ስለነበር፣ ወጣ ብለው ማየት ባይችሉም አንገታቸውን አጣመው ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች አዩና «ፎቶው ላይ ያለኸው አንተ ነህ እንዴ ልጄ?» አሉት።

«አዎ አባባ፣ እዚያ ላይ ግን ደህና ነኝ» አላቸው።

ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀው ያኔ ነው። ባለታክሲው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይዞን በረረ። ድልድዩን ስንሻገር እኔና ባለታክሲው ብቻ ነበርን።

፬. ስለ ፖስተሩ እንክብካቤ። ዝናብ ሲያበላሸው በሁለት ቀን ውስጥ በአዲስ ትተካላችሁ፤ ይህን ትጋት በሌላ ሥራችሁ አይቼው አላውቅም። እናታችን ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያ ስትሄድ በሻሿ ጫፍ የፊቱን አቧራ ትጠርግለታለች። «እንዴት አደርክ?» ትለዋለች። ባለፈው ወር በትልቁ አሳትማችሁ ስትለጥፉት ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ «ወንድምህ ወፈር ብሏል» አለችኝ። እኔ በሌላ መንገድ ልሄድ ሞክሬ ነበር፤ በሌላውም መንገድ ለጥፋችሁታል።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ፖስተሩ እንዲነሳ ለመለመን ነበር። እናቴ ሰማችና «ደሞ ከዚያም ልታባርሩት ነው?» አለች። ስለዚህ እሱ ባለበት ይቆይ። የምለምነው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ወይ እንዲፋቅ፣ ወይ እውነት እንዲሆን ነው። እውነት እንዲሆን የሚያስፈልገው በዓሉን ከበሩ ሳይርቅ የሚያሳልፍ አንድ ቁልፍና ቁልፉን የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቅዳሜ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ በዚህ ሰፈር ምክራችሁን የሚያምን ሌላ ሰው አይጠፋም።

ይህን ለማንበብ ከበዓል ዝግጅትዎ ላይ ለቀነሱልኝ ጊዜ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የበሩን ጥራት በእጄ ያረጋገጥኩ ታማኝ ተገልጋይዎ፣

የበያጁ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ፎቶ አንሺያችሁ ሱቃችን ድረስ መጥቶ፣ ቁርጥ ወንድሜን ስለምመስል ለዘንድሮው አዲስ ፖስተር እንድነሳ ጠየቀኝ። ስለታሰብኩ አመሰግናለሁ፤ ግን ይቅርብኝ። እናቴ አርጅታለች፣ በየጠዋቱ ሁለት ፊት መጥረግ አትችልም።