ምስኪኑን አገኘኋቸው

ይድረስ ለምወድዎ ለአባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ደረጃውን መውጣት አስቻለዎ ወይስ አሁንም እየተነጫነጩ እናቴን ተደግፈው ነው የሚወጡት? ዓይንዎስ እንዴት ነው? መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካስቸገረዎ ታናሽ እህቴ ታስገባልዎ፤ በዚህ እንኳ አይኩሩ። የእናቴ ደም ግፊትስ ረገብ አለላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም ብል ግማሹ ውሸት ይሆናል፤ ግን ደህና ነኝ።

ስልክ ላይ እርስዎ "ምን? ምን አልሽ?" ሲሉ እኔ ስጮህ፣ የሕንጻው ሰው ሁሉ ጉዳያችንን እየሰማ ተቸገርኩ። ስለዚህ ይህን ወሬ በወረቀት ልላክልዎ አልኩ። ደግሞም ተቀምጠው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ ሁለት ጊዜ የሚያነቡት ወሬ ነው።

እናቴ ባገኘችኝ ቁጥር "መቼ ነው የምትመጪው?" ትለኛለች። እኔም ፈቃድ የለም፣ ሥራ በዛ እያልኩ አመልጣታለሁ። እውነቱን ግን እርስዎ ያውቁታል። ያ ትዳር ከፈረሰ ወዲህ እግሬ ወደ ቤት አልሄድ አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ እየጨፈረ ሸኝቶኝ ብቻዬን ስመለስ የጎረቤቱን ዓይን በምን ልቻለው? አሁን ይህን ለምን እንዳነሣሁት ኋላ ይገባዎታል።

እንደነገርኩዎ በዚህ በሰው አገር የምሠራው አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ ጢማቸውን እላጫለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። ልጃቸው የጥርስ ሐኪም ናት። ስትቀጥረኝ "አባቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ዝምተኛ ስለሆነ እንዳይከፋሽ" ብላኝ ነበር። ዝምተኛ ብሎ ዝም! ከእሳቸውስ ግድግዳው ይሻላል፤ ጎረቤት ምስማር ሲመታ እንኳ ድምፅ ይሰጣል። ከቤት መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል። ሐኪሙ ካልተራመዱ እግራቸው ይከዳቸዋል ብሎ ቢያስጠነቅቅም መስኮቱ አጠገብ ተተክለው ይውላሉ። ምግቡንም ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ይገፉታል። ልጃቸው ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ እኔም ሆዴ ይባባል። በቁማቸው እየለቀቁን እንደሆነ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር።

ባለፈው ወር የቼዝ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ የሚል ሰው ሊጠይቃቸው መጣ። ሻይ ይዤ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሰሌዳ ዘርግቶ ጠጠሮቹን ደርድሯል። ትሪውን ሳላስቀምጥ ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ቀረ። አባባ፣ የማውቀውን ሰው ፊት ያየሁ ነው የመሰለኝ! ጥግ የተሸጎጠው ንጉሥ፣ አጠገቡ ያለው ግንብ፣ ጠባቂ የሌላት መሐል ላይ የቆመች ፈረስ! እርስዎ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በጠፋው ወታደር ምትክ የካፖርት ቁልፍ አስቀምጠው፣ ስንቴ ደርድረው አሳይተውናል!

የባዕድ ስም አፌ አይገባልኝም ብለው የቼዝ ሊቆቹን፣ ግራንድማስተሮቹን ሁሉ ስም አውጥተውላቸው የለ? ሲጋራ አጫሹ፣ ቀዝቃዛው፣ ልጅ እግሩ። ያን ጨዋታ ያሸነፈው ጢማሙ፣ የተሸነፈው ደግሞ ምስኪኑ። ቤታችን ውስጥ ሸሚዝ በካውያ ያቃጠለ ሁሉ "ምስኪኑን ሆንሽ!" ይባል ነበር። እኔም የማንን ቤት ትሪ እንደያዝኩ ረስቼ "ውይ፣ ይሄማ የምስኪኑ ጨዋታ ነው!" አልኩ፤ ያውም በእነሱው ቋንቋ ተርጉሜ።

ጸሐፊውን ሳል ያዘው። ልጃቸው ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሽማግሌው ቀና ብለው "ምስኪኑ ማነው?" አሉ። ያኔ ፊታቸውን አየሁና ነገሩ ገባኝ። አባባ፣ ምስኪኑ እሳቸው ናቸው! ስንት ዓመት የሳቅንበትን ሰው ጢም ነው እኔ በየጠዋቱ የምላጨው! ክው ብዬ ቀረሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጸሐፊው የመጣው ለካ የጨዋታው መታሰቢያ ሊዘጋጅ ስለሆነ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሕዝብ ፊት ተቀምጠው ያንኑ ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲደግሙት ማኅበሩ ይፈልጋል። ጢማሙ እሺ ብለዋል። የእኔው ሽማግሌ ግን "አንድ ጊዜ ተሸነፍኩ፣ በቃኝ። ድጋሚ የምሸነፈው ምን በወጣኝ?" ብለው ሰውየውን በመጣበት ሸኙት። ልጃቸው ብትለምን፣ ብታለቅስ ወይ ፍንክች!

እኔ ያን ቀን እባረራለሁ ብዬ ልብሴን በልቤ ሸክፌ ነበር። ቤቱ ጭር ሲል ጠሩኝና "ተቀመጪ" አሉኝ። ፊታቸው ተቀምጬ አላውቅም። "አባትሽ ያን ጨዋታ ከየት አገኘው?" ብለው ጠየቁኝ። ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ እንዳገኙት፣ ለእኛም ሱሪ ሊያሳጥር ለሚመጣ ደንበኛም እንደሚያሳዩ፣ ደንበኛውም ሱሪውን ረስቶ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። "ምስኪን ያለኝ ለምንድን ነው?" አሉ። ዋሽቼ ልወጣ አስቤ ነበር፤ ግን ዓይናቸው አያስዋሽም። "ጋሼ፣ ወጥመድ መሆኗን ሳያዩ ፈረሷን ስለበሉ ነው" አልኳቸው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀጠልኩ። እርስዎ ፈረሷ ጋ ሲደርሱ መነጽርዎን አውልቀው "እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?" እንደሚሉን፣ እኔም ሁልጊዜ በግንቡ ፈረሷን እንደምበላ አጫወትኳቸው። "እሱም እንዳንቺ ነው ያሰበው፤ ጠባቂ የሌላት ፈረስ ቆማ ማን ይተዋታል?" ይሉኝ እንደነበርም ጨመርኩላቸው። አባባ፣ እኚያ ሰውዬ ሳቁ! ልጃቸው ምን ተፈጠረ ብላ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች። "ለካ ከአንዲት ሕፃን ጋር እኩል ነው የተሳሳትኩት" ይላሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ከዚያ "ንግሥቷ ስትሰጥስ?" አሉኝ። ጢማሙ ንግሥትን ያህል ነገር እንካ ብሎ ንጉሡ ጉያ ውስጥ ሲያቀርብ፣ እርስዎ ብድግ ብለው ቆመው እንደሚያንቀሳቅሷት፣ "ያለውን ሁሉ ሰጠ!" ሲሉ ድምፅዎ እንደሚንቀጠቀጥ ነገርኳቸው። ንጉሡ ሳይወድ በግዱ ሲበላት፣ የጢማሙ ግንብ ባዶ በቀረው መስመር ሰተት ብሎ ሲገባና ጨዋታው ሲያልቅ እኛም እንደምንጮህ ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ያ ጨዋታ ከእሳቸው ኀፍረት ውጭ በሌላ ሰው ቤት ይኖራል ብለው አስበውም አያውቁም።

ያኔ ነው መጽሐፉ ላይ የሌለውን የነገሩኝ። ንግሥቷ የተሰጠች ጊዜ መጨረሻውን አይተው፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቀሪ ጨዋታ ሳይጫወቱ ተነሡ። ጢማሙ እጁን ዘርግቶላቸው እሳቸው ግን ካፖርታቸውን አንሥተው ወጡ። ለሽንፈት ምልክት ንጉሣቸውን እንኳ አላስተኙም። ዝናቡ እየወረደባቸው በእግራቸው ቤት ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ውድድር የሚባል ነገር አልረገጡም። "መሸነፌ አይደለም እኮ፣ የሰውየው እጅ አየር ላይ ቀረ" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ስላጫቸው "ያን ጥቁር ሱፍ አውጪልኝ" አሉኝ። ሱፉ ሰፍቷቸው ሌላ ሰው የለበሱ ይመስላሉ። እኔም ወገቡን አጠበብኩ፣ እጅጌውን አሳጠርኩ፤ ስፌቱ በውጭ እንዳይታይ እርስዎ እንዳስተማሩኝ አድርጌ። ቢያዩት "ክሩን አላጠበቅሽውም" ማለትዎ አይቀርም። ልጃቸው ሱፉን ለብሰው ስታያቸው በሩን ተደግፋ ቀረች።

የመታሰቢያው ዕለት ደረሰ፤ አዳራሹ ትልቅ አይደለም፤ ሰው ሲነሣና ሲቀመጥ ወንበሩ ሁሉ ይንቋቋል። ሰሌዳው በግድግዳው ላይ ጎልቶ እንዲታይ አድርገውታል። እኔ መድኃኒታቸውን ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ። ጢማሙን ሳይ ምን ብል ጥሩ ነው? ጢም የላቸውም! አንዲት ፀጉር ለምልክት እንኳ አልቀረችም፤ ራሳቸውም መላጣ ነው። ሳቄን በመሐረብ አፈንኩት።

ሁለቱም ጨዋታውን እንደ ጸሎት በቃላቸው ነው የያዙት። ቶሎ ቶሎ እያንቀሳቀሱ መጥተው ፈረሷ ጋ ሲደርሱ ጋሼ ቆም አሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሷን አዩ፣ አዩ። ተነሥተው ይወጣሉ ብዬ ካፖርታቸውን ጨብጬ ነበር። ጋሼ ግን ግንቡን አነሡና ፈረሷን በሉ።

ተራው የጢማሙ ነው። ንግሥቷን ሊያነሡ እጃቸውን ላኩ፤ ከዚያ መለሱት። ዳር የነበረች አንዲት ምስኪን ወታደር አንድ እርምጃ ገፋ አደረጉና "እኩል ለእኩል እንለያይ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሰው አጉረመረመ፤ አንዳንዱም ደግነታቸውን አይቶ ማጨብጨብ ጀመረ። እኔም ተመስገን፣ ዛሬ አልተሸነፉም አልኩ። ሞኝ ነኝ እኮ።

ጋሼ እጁን አልጨበጡም። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ወታደሯን በገዛ ጣታቸው ወደ ቦታዋ መለሷትና፣ እኔ ድምፃቸው እንዲህ የሚወጣ አይመስለኝም ነበር፣ "ይሄ ጨዋታ ግማሹ የኔ ነው! አታበላሽብኝ! ንግሥትህን ስጥ!" አሉ።

ጢማሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ንግሥቷን አንሥተው ሰጡ። ጋሼ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ንጉሡን አንሥተው ንግሥቷን በሉ። የጢማሙ ግንብ መጣ። አለቀ። ንጉሣቸውን ቀስ አድርገው አስተኙትና ቀድመው እጃቸውን ዘረጉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር፣ እኔም እንባዬን መጥረግ ይዣለሁ።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ "ቆንጆ ነበር፣ አይደል?" አሉኝ። "በጣም ጋሼ" አልኳቸው። ቤት ስንደርስ ሳህናቸውን ጠርገው በሉ። አሁን ጠዋት ጠዋት ክንዴን ይዘው እስከ መንገዱ ጫፍ እንራመዳለን፤ ጢማሙም በየሳምንቱ እየመጡ ይጫወታሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ሻይ አልቆ ሌላ ያስፈላሉ። ጋሼ ለእርስዎ የላኩትን ቃል እንዳለ ልጻፍልዎ፦ "ምስኪኑ ሰላም ይልሃል፤ ጨዋታዬን ስላኖርክልኝ አመሰግንሃለሁ።"

አባባ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ። ያ ትዳር የተበላሸው በእኔ ብቻ አልነበረም፣ በእሱም ብቻ አልነበረም፤ ግን ግማሹ የኔ ነው። የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ደስ ያለኝም ያለቀስኩትም እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ሠራሁና ነው ከአገር ተደብቄ የምኖረው? እናቴ "መቼ ነው የምትመጪው?" እያለች እጇን በዘረጋች ቁጥር እኔ ካፖርቴን አንሥቼ ስወጣ ኖሬያለሁ። ይህን ሳስብ አፈርኩ። ፈቃድ ጠይቄ ሰጥተውኛል፤ ቲኬቱንም ትናንት ቆርጫለሁ። ጎረቤቱ ያሻውን ይበል።

ለታናሽ እህቴ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ዓይንዎ ደክሞ ይህን ደብዳቤ እሷ ካነበበችልዎ ያሻትን ቦታ እየዘለለች እንዳታሳጥረው አደራ። ለወንድሜና ለሚስቱ፣ ጉንጫቸውን ለምስማቸው ልጆቻቸው፣ ምርቃቷ ላልተለየኝ ለአክስቴ፣ በሽንፈት ጊዜ ሰሌዳውን ለሚገለብጠው ለጎረቤታችን ለጫማ ሰፊው ጭምር ሰላም ይበሉልኝ። ለእናቴ ግን ሰላምታ አልላክሁም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

ታላቋ ልጅዎ

ከምሠራበት ቤት፣ እሑድ ጥር ፲፱ ቀን