መልስ የማልሰጥበት ትዕይንት

ሰኞ፣ ሜይ 4

ከተማችን ሬሲፌ ዝናብ በዝናብ ሆናለች። እናቴ ኩስኩስ በእንቁላል ሰራች፣ ሁለት ሳህን በላሁ።

ከሰዓት ቀረጻ። በቴሌቪዥን ድራማው የወደብ ጫኝና አውራጅ ነኝ። እህቴ ሆና የምትሰራው ሮዛልባ ስድብ ታወርድብኛለች፣ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። በቃ ይኸው ነው። ግን ሳትጨርስ ቤት በሚመታ ስድብ መለስኩላት። የካሜራ ሰዎቹ ሳቁ። ዳይሬክተሯ ሴልማ አልሳቀችም።

«ጄኒልሰን፣ ወረቀቱ ላይ ንግግር አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

ከየት ይሆናል... ከአደባባዩ ነዋ። ስንት ዓመት ሙሉ አርብ አርብ ከጓደኛዬ ከኤዲማር ጋር በራፕ ስንጋጠም የኖርንበት። እዚያ ዝም ያለ ተሸናፊ ነው። ሲሰድቡህ ፈገግ ትላለህ፣ በሆድህ መልስህን ታሰናዳለህ። ማን ይሰማል?

ኤዲማር ዛሬም ስልኬን አላነሳም። ድራማው ከተጀመረ ወዲህ አንድም ቀን...

ረቡዕ፣ ሜይ 6

ዛሬ ትዕይንቱን ስንደግም አፌን ዘጋሁ፣ ፊቴ ግን ፈገግ አለብኝ። ሴልማ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ሮዛልባን አትሰማትም እኮ። ተራህን ነው የምትጠብቀው» አለችኝ። ተናደድኩ። እውነቷን ስለሆነ ይሆን?

በዚህ አርብ ቀረጻ የለኝም፣ ወደ አደባባዩ እወጣለሁ። ጓደኛዬን ማጣት አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 9

ትናንት ወጣሁ። ኤዲማር ገና ሲያየኝ ማይኩን ያዘ። ሰላምታ እንኳ የለም።

«ፊትህን ተቀባህ፣ ስምህ ተሰቀለ፣
ሰፈሩ ይጠይቃል ‹ወዴት ነው?› እያለ።
እኔ ነኝ የዋሸሁ ‹አርብ ይመጣል› ብዬ፣
ብቻዬን የቆምኩት ሁለት ስም አዝዬ።»

መልስ ነበረኝ። አማቱ ቤት ተጠግቶ መኖሩን ይዤ፣ ሰዉን በሳቅ የሚገድል። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ሁለት ስም ሲል... ለካ የአርቡ ግጥሚያ ማስታወቂያ ላይ ስማችን አሁንም አብሮ ይጻፋል። ለካ በየሳምንቱ ለእኔ ብሎ ሲዋሽ ከርሟል።

ሙዚቃው ቀጠለ። «ተናገር እንጂ!» «ቴሌቪዥን ምላሱን በላው!» አለ ሰዉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ተሸነፍኩ።

ኤዲማር ጠጋ አለኝ። «ይሄም ድራማ ነው?»

«አይደለም።»

ጥሎኝ ሄደ።

ሰኞ፣ ሜይ 11

ትዕይንቱ በአንድ ቀረጻ አለቀ። ሮዛልባ ስትሰድበኝ ከልቤ አመመኝ። ሴልማ «በቃ፣ ሂድና ብላ» ብቻ አለች።

ቤት ስገባ ኤዲማር በራችን ላይ ተቀምጧል።

«አርብ ዕለት መልስ ነበረህ አይደል?»

«ነበረኝ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ አማትህ ቤት።»

ሳቀ። ሳቁ እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል! አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ከእንግዲህ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አለኝ።

አሰብኩበት። አርብ አርብ ቀረጻ አለኝ። ደግሞ... መቅረጹን ወድጄዋለሁ።

«አይመጣም በላቸው።»

አንገቱን ደፋ። የማጽናኛ መልስ አላሰናዳሁም።

«እሺ» አለ። «ግን መጀመሪያ ለምን እንደማትመጣ ለእኔ በደንብ ንገረኝ።»

ነገርኩት።