ፓምፕ ቤቱን ማስረከብ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

በወሩ መጨረሻ የውሃ ድርጅቱን ኃላፊነት አስረክቤ ጡረታ እወጣለሁ። ይህን ቀድሞም ጽፌልሽ እንደሆነ ታገሺኝ። ለሽኝቱ አዳራሽ ተከራይተዋል፤ ስለ ሥራው ግን የሚጠይቀኝ የለም። ተተኪዬን «ና ላሳይህ» ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

«እትዬ፣ አይጨነቁ፤ ሁሉም ኮምፒዩተር ውስጥ አለ።»

«ማን አስገባው?» ስለው ሳቀ።

ትናንት በስንት ጉትጎታ መጣ። «ፓምፑ ሲነሳ አሮጌው ቧንቧ እንዳይፈነዳ፣ የትኛው ቫልቭ ነው ቀድሞ የሚከፈተው?» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ የከፈትኩት ቫልቭ ነው። «አሁን ሥራ ይዣለሁ፤ ነገ ተመለስ!» ብዬ ተቆጣሁት። ምንም ሥራ አልያዝኩም ነበር፤ የትኛው ቫልቭ እንደሆነ ግን ጠፍቶኝ ነበር።

በይ፣ ልጆችሽን በየስማቸው ጥሪና ሳሚልኝ፤ ስማቸውንም በመልስሽ ላይ ጻፊልኝ።

ታላቅ እህትሽ