ስሜ እንዳይጠቀስ በስሜ ስላመሰገኑኝ

ለቶሬስኩራ ከተማ ከንቲባ
ለክቡር ዶክተር ኤጂዲዮ ማራንጆ
ማዘጋጃ ቤት

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ክብርት ባለቤትዎንም፣ ሰሞኑን ያስቸገረዎትን ጨጓራዎንም በደህና እንዲያገኝልኝ ከልቤ እመኛለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሰላም ልልዎት እጄን ባነሳ በጎን በር ሹልክ ስላሉ፣ መቼም አመማቸው እንጂ እኔን ሸሽተው አይሆንም ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እስከ ዛሬ ማለቴ ነው።

የምጽፍልዎት ለምስጋና ነው። መላው ከተማ እንደሚያውቀው ወሬ ስለምወድ ነገሬ ይረዝማል፤ ሆኖም በተራ ቁጥር ስለማስቀምጠው መሐል ላይ ቢደክምዎት እንኳ ቁጥሩን ይዘው መመለስ ይችላሉ።

አንደኛ፦ «የወደቡ ማርኬዜ»፣ የወደቡ መስፍን እንደ ማለት ነው፣ የተሰኘው ፊልም እዚሁ ከተማችን ውስጥ እንዲቀረጽ በመፍቀድዎ አመሰግናለሁ። የፊልሙን ባለታሪክ ኦሮንዞ ካፎሪዮን በሕይወት ሳለ እናውቀው ነበር። ሲጋራ በጀልባ እያስገባ ግማሹን ከተማ ያበላ፣ ግማሹን ያስለቀሰ፣ ቁመቱ ከእኔ የማይበልጥ ጥርሰ ገጣጣ ሰውዬ ነበር። ያንን ሰው እንደዚያ ያለ ትከሻና እንደዚያ ያለ ዓይን ያለው ተዋናይ ሆኖ ስናየው ሴቶቹ በሙሉ አፋችንን ከፍተን ቀረን። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብታየው ኖሮ እንደገና ታገባው ነበር።

ባለ ጀልባው ሚሚኖ የተገደለበት ትዕይንትማ እንዴት ያምር ነበር! ዳይሬክተሩ ዝናብ አዘነበበት፣ ቫዮሊን አስለቀሰበት፤ ኦሮንዞም በዝግታ ተራምዶ መጥቶ፣ ከመተኮሱ በፊት ለምስኪኑ የመጨረሻ ሲጋራ አቀጣጠለለት። ሚሚኖ አያጨስም ነበር። የተገደለውም ጀልባዬን ለሲጋራ ኮንትሮባንድ አልሰጥም ስላለ ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ እንኳን ዝናብ ደመናም አልነበረም። ኦሮንዞም በቦታው አልነበረም። ግን ፊልም ነው፤ ይሁን።

ሁለተኛ፦ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ከወረደ በኋላ በየቤታችን እንድናየው በዲቪዲ ሲወጣ፣ «ከተማዋ ታስታውሳለች» የሚል ተጨማሪ ፊልም በማዘጋጃ ቤቱ ወጪ እንዲታከልበት አድርገዋል። ለዚህም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክብርዎ ሳይገድብዎ ክርና አዝራር ወደምሸጥበት ጠባብ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ «ሲኞራ ኑንዚያ፣ ለታሪክ ነው፤ ፊትዎ በጥላ ይሸፈናል፣ ድምፅዎ ይለወጣል፣ እናትዎ እንኳ አይለዩዎትም» አሉኝ። «እናቴ ሞታለች» ብልዎት «ታዲያ ማን ይለየኛል ብለው ነው?» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሳቅዎ ደስ ይላል።

እንግዲህ እኔ አንዴ አፌን ከከፈቱልኝ የሚዘጋኝ የለም። ልትቀርጸኝ ከሮም ለመጣችው ልጅ በጨለማ ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ለካሜራው ሰጥቼ ሁሉንም ነገርኳት። የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ በረንዳችን ላይ አንሶላ ሳሰጣ፣ ሚሚኖን ማን እንደገደለው አይቻለሁ። የኦሮንዞ ታናሽ ወንድም ፒኑቾ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ ተኩሶ ሲጨርስ መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጫማውን በመሐረብ ጠረገ። ኦሮንዞ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ ወኅኒ ቤት ሞተ። ፒኑቾ ደግሞ ዛሬ፣ ምን አደከመኝ፣ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ የባሕር ዳርቻው ሆቴል ባለቤትና የቅዱስ ሮኮ በዓል ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው።

የፊልሙ ሰዎች ጠንቃቆች ስለሆኑ የፒኑቾን ስም በጠራሁ ቁጥር ጢ የሚል ድምፅ አስገብተውበታል። «ታናሽ ወንድሙ» ያልኩትን ግን እንዳለ ትተውታል። ኦሮንዞ ደግሞ አንድ ወንድም ብቻ ነው የነበረው።

ሦስተኛ፦ አሁን ወደ ዋናው ምስጋና ልግባ። ተጨማሪው ፊልም ሲያልቅ፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲወርድ፣ በእርስዎ ፊርማ የከተማው ምስጋና ይመጣል። የሙዚቃ ጓዱ ይመሰገናል፤ ለተዋናዮቹ የታራሊ ብስኩት የጋገሩት ሴቶች ይመሰገናሉ፤ ውሻውን ያዋሰው ሥጋ ሻጭም ይመሰገናል። ከሥጋ ሻጩ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ያዩትን በድፍረት ለመሰከሩት፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ ለፈለጉት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት የክርና የአዝራር ሱቅ ላላቸው ለወይዘሮ አኑንዚያታ ሎፓልኮ ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን።»

መጀመሪያ ሳነበው ዓይኔ ነው ብዬ ነበር። ወደ ኋላ መልሼ አቁሜ አነበብኩት። ሳቄ መጣ፤ ብቻዬን ሶፋው ላይ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። ከዚያ ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ።

በክፋት እንዳላደረጉት አውቃለሁ፤ አይማሉልኝ። ቶሬስኩራ ውስጥ ሰው አመስግኖ አንዱን መዝለል ማለት ከሰባት ቤት ጋር ደም መቃባት ነው። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ከንቲባ በበዓል ንግግራቸው መለከት ነፊውን ማመስገን ስለረሱ የመለከት ነፊው ዘመድ አዝማድ ሁሉ ድምፁን ለእርስዎ መስጠቱን እርስዎ አልረሱትም። ስለዚህ ማንም እንዳይቀየምዎት ብለው ሁሉንም አመሰገኑ። እኔም አልተቀየምኩም። የተቀየመው ሌላ ሰው ነው።

አራተኛ፦ ፊደሉን ጥርት አድርገው ስላስጻፉልኝ። መነጽር የሌላቸው አሮጊቶች ሁሉ አንብበውታል።

አምስተኛ፦ ዲስኩ ከወጣ ወዲህ ቡና ገዝቼ አላውቅም። ኡቺዮ ባር ገብቼ እንደ ልማዴ ቆሜ ጠጥቼ ቦርሳዬን ስከፍት፣ ኡቺዮ እጁን አወዛወዘ።

«ተከፍሏል።»

«ማን ከፈለልኝ?»

«ተከፍሏል አልኩሽ እኮ!» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ማሽኑን መወልወል ጀመረ።

እኛ ዘንድ አንድ ሰው ቡናዎን ከፍሎ ከወዲያኛው ጥግ ጽዋውን ቢያነሣልዎት ወዳጅዎ ነው። ከፋዩ ካልታየ፣ ስሙም ካልተነገረ፣ «አይቼሃለሁ» መባልዎ ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። በማግስቱም ተከፍሎ ጠበቀኝ። በሠልስቱም እንዲሁ። እኔም «እንግዲያውስ ቸር ሰው ከሆነ ነገ አንድ የኮርኔቶ ኬክም ይጨምርልኝ በለው» አልኩት። ኡቺዮ፣ በእኔ ቀልድ ሆዱን ይዞ የሚስቀው ኡቺዮ፣ አልሳቀም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ኑንዚያ፣ በእናትሽ ቡናሽን ቤትሽ ጠጪ። የልጆች አባት ነኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ነው የምጠጣው። ቡናዬ ደግሞ አይጥምም፤ ይህንንም ምስጋናው ውስጥ ያስገቡልኝ።

ስድስተኛ፦ ዶን ፒኑቾን የሚያህል የተከበረ ሰው በአካል ሱቄ ድረስ መጥቶ እንዲጎበኘኝ ምክንያት ስለሆኑኝ። ሃያ ስንት ዓመት ስሸጥ አንዲት ስንዝር ክር ገዝቶኝ አያውቅም ነበር። ሲገባ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች የያዙትን ዳንቴል ቁጭ አድርገው አንድ በአንድ ወጡ። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ባንኮኒዬ ላይ አኖረ።

«ኑንዚያ፣ አንድ ነጭ ሸሚዝ አለኝ፤ የወጣትነቴ ነው። አዝራር ጎድሎታል» አለኝ።

መሳቢያውን አወጣሁለት። ጊዜ ወስዶ፣ በጣቱ እያገላበጠ መረጠ።

«አሁንም ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ታስገቢያለሽ አሉ።»

«አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መታደል ነው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚያይ ዓይን ከየት ይገኛል? ጠብቂው እሺ» አለና አዝራሩን በመሐረቡ ጠቅልሎ ሄደ።

ክቡር ከንቲባ፣ ይህን ያህል የሚያምር መሐረብ አይቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ሱቄን በጊዜ ዘጋሁ።

ሰባተኛ፦ ቢሮዎ ስመጣ ወንበር ስላቀረቡልኝ። ዲስኩ በቅዱስ ሮኮ ዕለት ከታራሊው ጋር ለየቤቱ ሊታደል መሆኑን ስሰማ፣ እባክዎ ያስቀሩት፣ ቢያንስ ስሜን ያስፍቁልኝ ብዬ ለመንኩዎት። ውኃ አስመጡልኝ። «ሲኞራ ኑንዚያ፣ ማን እስከ መጨረሻው ያያል ብለው ነው? ሰው ጽሑፍ መውረድ ሲጀምር ተነሥቶ ሽንት ቤት ይሄዳል» አሉኝ። እኔም «ኡቺዮ አይቶታል፤ ዶን ፒኑቾም አይቶታል» አልኩዎት። ያኔ ፊትዎ በራ። «ዶን ፒኑቾማ አነጋግረውኛል፤ ምንም ቂም የላቸውም፤ እንዲያውም ዘንድሮ ቅዱሱ በሰልፍ ሲወጣ ሱቅዎ ፊት ለፊት ቆም እንዲል ኮሚቴው ወስኗል። ትልቅ ክብር ነው!» አሉኝ።

ትልቅ ክብር ነው። የቅዱሱን ሐውልት በፊት በኩል የሚሸከመው ዶን ፒኑቾ መሆኑን ስለማውቅ፣ እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ቅዱሱን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ፊት እያየሁ፣ መላው ከተማም እኔን እያየ፣ የሙዚቃ ጓዱ እስኪጨርስ እንደምንቆይ ታየኝ። ባለፈው ቅዱሱ እንዲሁ ያለ ልማዱ የቆመበት ደጅ የዳቦ ጋጋሪው ነበር። ዳቦ ጋጋሪው አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ያቺን የወይራ ዳቦውን ናፍቄያለሁ።

ስለዚህ እኔም ምስጋናዬን ለብቻዬ ማስቀረት ነውር መሰለኝ። የአውራጃው ጋዜጣ «ሲኞራ፣ እንዲህ ያለውን አናወጣም» አለኝ። ማተሚያ ቤት ሄድኩ፤ ያው እኛ አገር ማተሚያ ቤት የሚኖረው ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ የሞት ማስታወቂያ ነው። አታሚው ጥቁር ክፈፍ ካለው ወረቀት ሌላ ይህን ያህል ትልቅ ወረቀት የለኝም አለኝ። «ምን ቸገረኝ» አልኩት። «ቶሬስኩራ ውስጥ ሰው ጥግ ይዞ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ እስከ መጨረሻዋ መስመር የሚያነበው እሱን ብቻ አይደል?» እናም እነሆ፣ ከሟቾቻችን ጎን ተለጥፎ ያነቡታል። የሞተ ሰው የለም፤ አይደንግጡ። ሚሚኖ ብቻ ነው፤ የእሱን ደግሞ ዘግይተን ነው የምናስታውቀው።

በዲስኩ ላይ ጢ የተባለውን እዚህ ያለ ጢ ልጻፈው፦ ሚሚኖን የገደለው ፒኑቾ ካፎሪዮ ነው። አይቻለሁ። ይህን በትላንትናው ዕለት ዐቃቤ ሕጉ ፊት ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜበታለሁ። ስለዚህ አሁን እኔን ዝም ማሰኘት ለማንም አይጠቅምም፤ ቃሉ ከእኔ ወጥቷል። ሆኖም የሰው ልብ አይታወቅምና፣ ይህን የምታነቡ ጎረቤቶቼ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ሱቄ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ የቅዱሱም ዕለት ይከፈታል። ዝግ ካያችሁት «ሄዳለች» አትበሉ። የትም አልሄድም።

ክቡር ከንቲባ፣ ፊቴን ከጥላው፣ ስሜን ከመረሳት፣ ምላሴን ከመቆለፊያው ስላወጡልኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ በአንድ ሳምንት ዝነኛ ስላደረጉኝ፣ ለውለታዎ ወደር ሳጣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ሥልጣንዎ ይርዘም፤ ጨጓራዎንም ይማርልኝ።

ታማኝ ዜጋዎና የዘወትር መራጭዎ፣
ስሟ እንዲጠቀስ የምትፈልገው
አኑንዚያታ ሎፓልኮ

ማሳሰቢያ፦ ትላንት ጠዋት ወደ ዐቃቤ ሕጉ የሄድኩት ብቻዬን አልነበረም። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አንዲት ሴት የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከእኔ ቀድመው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እናትዎ ዶና ቴክላ ናቸው። «የአንቺ በረንዳ የእኔ መስኮት ፊት ለፊት ነበር፤ አንቺ ያየሽውን እኔ ከየት ያመለጠኝ መሰለሽ?» አሉኝ። «ዶና ቴክላ፣ ልጅዎ ያውቃል ወይ?» ብላቸው፣ «ከግድግዳው ላይ ያነባል፤ ስሜን ጻፊው፣ በትልቁ ጻፊው» አሉኝ። እኔም ታዝዣለሁ። ሌላም አሉ፤ እንዳሉት ላስቀምጠው፦ «ኤጂዲዮ ያን ጠዋት ጭኔ ላይ ተቀምጦ ወተት ይጠጣ ነበር። እንዳያይ ዓይኑን በእጄ ሸፈንኩት። ከዚያ በኋላ እጄን ማንሣት ነበረብኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላነሣሁለትም።»